ሕፃናትን ከትንሿ ባትሪ ስለ መጠበቅ

የቀድሞ ሰዎች ስለ ልጆቻቸው የሚፈሩት አደጋ አብዛኛው አስቀድሞ ራሱን የሚያስታውቅ ነበረ። እሳት ከመፍጀቱ በፊት ወላፈኑ ይሰማል፤ የቢላዋ ስለት ለዓይን ይታያል፤ በርበሬ ወደ አፍ ሳይደርስ ያስነጥሳል፤ ውሻ ከመንከሱ በፊት ያጕረመርማል። ስለዚህ ሕፃን ልጅ አንድ ጊዜ እጁን ወደ ምድጃ አስጠግቶ ከተለበለበ በኋላ ማንም ሳይመክረው ከእሳት ይርቃል። ዓይንና አፍንጫ፥ ምላስና ቆዳ ለሰው እንደ ዘበኛ ናቸውና፥ እናት ለጥቂት ጊዜ ዞር ብትል እንኳ እነዚህ ዘበኞች የድርሻቸውን ይሠሩ ነበር።

በዛሬው ዘመን ግን እነዚህን ዘበኞች ሁሉ አታልላ የምታልፍ አንዲት ትንሽ ዕቃ ከቤታችን ገብታለች። እርስዋም ሳንቲም የምትመስለው፥ በገበያ «የሰዓት ባትሪ» እየተባለች የምትጠራው ክብ ባትሪ ናት። በእጅ ሲይዟት ቀዝቃዛ ናት፤ ሽታ የላትም፤ አትወጋም፤ አትቈርጥም፤ መልኳም እንደ አዲስ ብር ያብረቀርቃል። ሕፃን ልጅ ደግሞ የሚያብረቀርቀውን ነገር ሁሉ የሚመረምረው በአፉ ነው። ከጕሮሮው ወርዳ በተሰነቀረች ጊዜ ግን ያች ቀዝቃዛ ዕቃ እንደ እሳት ታቃጥላለች፤ ያውም ልጁ ምን እንዳገኘው መናገር ሳይችል፥ ወላጁም ሳያውቅ ነው። እኔም ዛሬ ልጽፍ የተነሣሁት ስለዚህ ነገር ነው።

በመጀመሪያ ዕቃዪቱን በሚገባ መለየት ያስፈልጋል። እኔ ልጅ በነበርሁበት ዘመን በአባቴ ራዲዮ ውስጥ የሚገባው የባትሪ ድንጋይ ከአውራ ጣት የወፈረ ስለ ነበረ፥ ሕፃን ሊልሰው ይችላል እንጂ ሊውጠው አይችልም ነበር። የአሁኗ ባትሪ ግን ስስና ክብ ናት። በአንዱ ገጿ ላይ የመደመር ምልክትና ብዙ ጊዜም «ሲአር 2032» የሚል ጽሕፈት ይገኛል። ይህም ጽሕፈት ትርጓሜ አለው፤ «ሲ» ሊቲየም የሚባለው ማዕድን ያለባት መሆኗን፥ «አር» ክብ መሆኗን፥ 20 የሚለው ቍጥር ስፋቷ 20 ሚሊሜትር መሆኑን፥ 32 የሚለውም ውፍረቷ 3.2 ሚሊሜትር መሆኑን ያስረዳል። 2025 ወይም 2016 የሚል ቢገኝ ስፋቷ ያው ሆኖ ውፍረቷ ብቻ ይቀንሳል። ኀይሏ 3 ቮልት ነው። ከዚህች የሚያንሱ የእጅ ሰዓትና የጆሮ መስሚያ ባትሪዎችም አሉ፤ እነዚያ ትንንሾቹ ብዙውን ጊዜ ሳይሰነቀሩ ያልፋሉ፤ ዳሩ ግን እነርሱም ቢሆኑ ጕዳት የለባቸውም ማለት አይደለም። ከሁሉ የከፋችው ግን ስፋቷ 20 ሚሊሜትር የሆነችው ናት፤ የሕፃን የምግብ ቧንቧ ከሚጠብበት ስፍራ ላይ ደርሳ እንደ ውታፍ የምትሰነቀር እርስዋ ናትና።

ይህን ነገር ለመጻፍ ባሰብሁ ጊዜ በራሴ ቤት ስንት ባትሪ እንዳለ ለማወቅ ፈልጌ ከክፍል ወደ ክፍል እየዞርሁ ቈጠርሁ። የሙዚቃ ማጫወቻውን በሚያዝዘው ስስ ሪሞት ውስጥ አንዲት አገኘሁ፤ በመኪናው ቁልፍ ውስጥ አንዲት፤ በወጥ ቤቱ ሚዛን ሥር አንዲት፤ በትኩሳት መለኪያው ውስጥ አንዲት፤ በአሜሪካ ያለ ዘመዳችን ለበዓል በላከልን፥ ሲገልጡት በሚዘፍነው የመልካም ምኞት ካርድ ውስጥ አንዲት፤ እንደ ሻማ ብልጭ ድርግም በሚሉት ሁለት ትንንሽ መብራቶች ውስጥ ሁለት፤ በመሳቢያም ገና ባልተከፈተ ማሸጊያ ውስጥ ሁለት። በጠቅላላው 9 ባትሪዎች ሆኑ። ቤቴም ከሌላው የከተማ ሰው ቤት የተለየ አይደለም። እያንዳንዱ አንባቢ በቤቱ ተነሥቶ ቢቈጥር ቍጥሩ ከገመተው በላይ ሆኖ እንደሚያገኘው አልጠራጠርም።

ስለዚህ ነገር ከአንዲት ጎረቤታችን ከሆኑ አሮጊት እናት ጋር ስንጨዋወት፥ «ልጄ፥ እኛ ሳንቲም የዋጠ ልጅ ስንቱን አይተናል! ሙዝ ታበላዋለህ፤ ሁለት ሦስት ቀን ትጠብቃለህ፤ ከዚያ በኋላ በዓይነ ምድሩ ይወጣል። ምን ያስጨንቅሃል?» አሉኝ። እኔም፥ «እማማ፥ ስለ ሳንቲም የተናገሩት ብዙውን ጊዜ እውነት ነው፤ ይህች ግን መልኳ ሳንቲም ሆኖ ሥራዋ ሌላ ነው» ብዬ መለስሁላቸው። እርሳቸው ግን ፈገግ ብለው፥ «የዛሬ ልጆች ሁሉን ትፈራላችሁ» አሉና ነገሩን በዚሁ ተዉት።

ከዚያ ወዲህ ይህን ነገር ደጋግሜ አሰብሁት። የእኚህ እናት ምክር የስንፍና ምክር አይደለም፤ ብዙ ልጆችን ካሳደገ ሰው የሚገኝ፥ በዘመኑም የተፈተነ ጥበብ ነው። ሳንቲም የብረት ቅራጭ ስለ ሆነ፥ በሆድ ውስጥ ቢያድር የሚሠራው ሥራ የለውምና መታገሥ ብዙ ጊዜ ይጠቅም ነበር። ባትሪን በዋጠ ልጅ ላይ ግን ያው ትዕግሥት ራሱ ገዳይ ይሆናል። ስለዚህ የዚህ ነገር ዋናው ክፋት ባትሪዪቱ ብቻ አይደለችም፤ በመልካም ልማዳችን ውስጥ ተሸሽጋ መግባቷ ነው። ጠብቅ የሚለው ምክር እንደ ቀድሞው ሲነገር፥ ዕቃው ግን ተለውጧል።

ሥራዋ ሌላ ነው ያልሁትም እንዲህ ነው። ብዙ ሰዎች ባትሪ የምትጐዳው በውስጧ ያለው መርዝ ስለሚፈስ ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም፤ ባትሪዪቱ ሳትፈነዳና ሳትፈስ፥ ደኅና ሆና ሳለች ነው ጕዳቱን የምታደርሰው። የባትሪዪቱ ሁለቱ ገጾች፥ የመደመሩና የመቀነሱ፥ በመካከላቸው ባለው ስስ ቀለበት የተለያዩ ናቸው። በደረቅ እጅ ላይ ስትሆን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግር መንገድ የለም ለማለት ይቻላል። ከጕሮሮ ውስጥ በገባች ጊዜ ግን እርጥቡ ሥጋና ጨው ያለበት ምራቅ ሁለቱን ገጾች ያገናኛሉ፤ ኤሌክትሪኩም ይፈስሳል። ያን ጊዜ በመቀነስ ምልክቱ ገጽ በኩል ያለው ውሃ ይከፋፈልና ኮስቲክ ሶዳን የሚመስል ብርቱ አልካሊ ይወለዳል። ሳሙና የሚሠሩ ሰዎች ኮስቲክ ሶዳ ስብን እንዴት አድርጎ እንደሚበላ ያውቃሉ፤ ይህም በሕፃኑ ጕሮሮ ውስጥ የሚሆነው ያንኑ ይመስላል። አሲድ ቢሆን ኖሮ በሥጋው ላይ ቅርፊት ሠርቶ እርስ በርሱ በተገታ ነበር፤ አልካሊ ግን ሥጋውን እያቀለጠ ወደ ውስጥ ይዘልቃል።

ይህን በቃል ብቻ ከመናገር በዓይን ማሳየት ይሻላል ብዬ፥ በጡረታ ላይ ያሉ አንድ የሳይንስ መምህር ጎረቤቴን ለመንሁና፥ እኚያን እናትና አንድ ካህን ወዳጃችንን ጠርተን ከቤቴ ተሰበሰብን። ከሥጋ ቤት የተገዛ ጥሬ ሥጋ በስሱ ቈርጠን፥ ጨው ባለበት ውሃ አርሰን፥ አንዲት አዲስ ባትሪ በሁለቱ ቍራጮች መካከል አስገባን። እኛም ቡናችንን እየጠጣን ጠበቅን። ገና ጥቂት ደቂቃ ሳይቈይ በባትሪዪቱ ዙሪያ አረፋ መውጣት ጀመረ። ሩብ ሰዓት ያህል ሲሆን መምህሩ ቀዩን የሊትመስ ወረቀት በመቀነሱ ገጽ በኩል ባለው ሥጋ ላይ ቢያስነኩት ወዲያው ሰማያዊ ሆነ፤ ይህም የአልካሊ ምልክት ነው። ሁለት ሰዓት ሲሞላ ሥጋውን ገለጥነው፤ በመቀነሱ ገጽ በኩል የባትሪዪቱን ልክ የሚያህል ጥቍር ክብ ተቀርጾበት ነበር፤ በማንኪያ ቢነኩትም እንደ ተቀቀለ ቅጠል ፈረሰ። እማማ ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ሲመለከቱ ከቈዩ በኋላ፥ «ይህ እሳት ሳይነካው ነው?» ብለው ጠየቁ። «አዎን እማማ፥ እሳት አልነካውም» ብንላቸው፥ «እንግዲያስ ሳንቲም አይደለችም» አሉ። ከዚህ የበለጠ ንግግር አላስፈለገም።

አሁን ስለ ጊዜው ልናገር፤ የነገሩ ሁሉ ፍሬ ይህ ነውና። ሐኪሞች እንደሚያስረዱት በምግብ ቧንቧ ውስጥ የተሰነቀረች ባትሪ ሥጋውን መጕዳት የምትጀምረው በ15 ደቂቃ ውስጥ ነው፤ በ2 ሰዓት ውስጥም ከባድ ቃጠሎ ታደርሳለች። በአሜሪካ አገር ከ1982 ዓ.ም. ጀምሮ (እዚህ ላይ የምጽፋቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው) ባትሪ ስለ ዋጡ ሰዎች የሚጠየቅበት የስልክ መሥመር ነበረ። ዶክተር ቶቢ ሊቶቪትዝና ባልንጀሮቻቸው ስለዚህ ነገር የተመዘገበውን መርምረው በ2010 ዓ.ም. ፔዲያትሪክስ በተባለው የሕፃናት ሕክምና መጽሔት አሳተሙ። በዚያም ጽሑፍ፥ ባትሪ ከዋጡት ሰዎች መካከል በጽኑ የተጐዱትና የሞቱት እጅ ከ1985 እስከ 2009 ዓ.ም. 6.7 እጥፍ ማደጉን አስታወቁ። ምክንያቱም 20 ሚሊሜትር ስፋት ያላት የሊቲየም ባትሪ በየቤቱ መብዛቷ ነው። ከሞቱትም ልጆች መካከል ከመቶው 92ቱን ሲውጡ ያየ ሰው አልነበረም፤ ከግማሽ የሚበልጡትም በመጀመሪያ ሌላ በሽታ ነው ተብሎ ተገምቶባቸው ነበር። አንባቢ ይህን ቍጥር ደግሞ ደጋግሞ ይመልከተው። ልጆቹ የሞቱት ሰው ስለ ጨከነባቸው አይደለም፤ ማንም ስላላየና ስላልጠረጠረ ነው።

ከዚህም ሌላ የሚያሳዝን ነገር አለ። ባትሪዪቱ ከወጣች በኋላ እንኳ አልካሊው በሥጋው ውስጥ መብላቱን ወዲያው አይተውም። የምግብ ቧንቧ ግድግዳው ሲሳሳ ወደ አየር ቧንቧ ሊቀደድ ይችላል፤ የድምፅ አውታሮችን የሚያንቀሳቅሱት ጅማቶች ተጐድተው ልጁ ድምፁ ሊዘጋ ይችላል፤ ቍስሉ ሲድን ቧንቧው ጠብቦ ልጁ ምግብ መዋጥ ሊቸግረው ይችላል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ቃጠሎው ከልብ የሚወጣውን ታላቁን የደም ሥር የነካ እንደ ሆነ ነው፤ ያን ጊዜ ባትሪዪቱ ከወጣች ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ፥ ልጁ ዳነ ተብሎ ከቤቱ ከገባ በኋላ፥ ድንገት ደም ፈስሶት ይሞታል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሕመም ያገኘው ልጅ ጥቂት ደም እንኳ ቢያስመልስ ወይም ዓይነ ምድሩ ቢጠቍር፥ ያለ መዘግየት ወደ ሐኪም ቤት መመለስ አለበት።

እንግዲህ ወላጅ ባላየው ነገር እንዴት ሊጠረጥር ይችላል? ምልክቶቹ ምንድን ናቸው? አስቸጋሪው ነገር ምልክቶቹ የጉንፋንን የሚመስሉ መሆናቸው ነው። ልጁ ምግብ እንቢ ይላል፤ ለሐጩ ይዝረከረካል፤ ያስለዋል፤ ያስመልሰዋል፤ ድምፁ ይሰለላል፤ ደረቱን ወይም ጕሮሮውን ያመለክታል፤ አንዳንዱም ልጅ ለጥቂት ሰዓት ምንም ሳይታይበት ይቈያል። በእኛ አገር ደግሞ ምግብ እንቢ ያለና ለሐጩ የተዝረከረከ ሕፃን በታየ ጊዜ ብዙ ሰዎች «እንጥል ወርዶበት ነው» ይላሉ፤ እንጥሉንም ያስቈርጡታል። እንጥል ማስቈረጥ በራሱ ደም እያፈሰሰና ቍስል እያመረቀዘ ልጆችን የሚጐዳ ክፉ ልማድ መሆኑን ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ተናግረዋል። ባትሪ በዋጠ ልጅ ላይ የሆነ እንደ ሆነ ግን ጥፋቱ እጥፍ ይሆናል፤ ምላጩ ከላይ ሲቈርጥ ባትሪዪቱ ከታች ታቃጥላለች፤ ሁለቱ ሰዓትም በዚህ መካከል ያልፋል።

በዚያ በተሰበሰብንበት ቀን ካህኑ ወዳጃችን የተናገሩት ቃል በልቤ ቀርቷል። «ልጅ ሲታመም ብዙ እናት ከሐኪሙ አስቀድማ ወደ ነፍስ አባቷ ትመጣለች። እኔም እስከ ዛሬ ትኩሳት አለው ወይ፥ ጡት ይጠባል ወይ ብዬ እጠይቅ ነበር። ከእንግዲህ ወዲህ ግን፥ ልጁ ምን ይዞ ይጫወት ነበር? ከሪሞቱ ወይም ከመጫወቻው ውስጥ የጐደለች ባትሪ አለች ወይ? ብዬ እጠይቃለሁ» አሉ። ይህ ጥያቄ ገንዘብ አያስወጣም፤ የተማረ ሰው መሆንም አያስፈልገውም። ሕዝብ ምክር የሚጠይቃቸው ሰዎች ሁሉ፥ ካህናትም መምህራንም የእድር ዳኞችም፥ ይህችን አንዲት ጥያቄ ቢለምዱ በጊዜ ከሐኪም ቤት የሚደርስ ልጅ ይበዛል።

እንዲህ ያለ ነገር ቢያጋጥም ምን ማድረግ ይገባል? አንደኛ፥ ባትሪ ሳትሆን አትቀርም ተብሎ ከተጠረጠረ እርግጡ እስኪታወቅ መጠበቅ የለም፤ ወዲያው ራጅ ወዳለበት ሐኪም ቤት መሮጥ ነው። ሁለተኛ፥ ልጁ እንዲያስመልስ ማስገደድ አይገባም። ሦስተኛ፥ ሙዝም እንጀራም አጉርሶ ወደ ታች ለመግፋት መሞከር፥ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ማጠጣት አይገባም። አራተኛ፥ ከሐኪም ቤት በር ሲደርሱ «ልጄ አሞታል» ብሎ ተራ መጠበቅ ሳይሆን፥ «ልጄ ባትሪ ውጦ ይሆናል» ብሎ በግልጥ መናገር ነው፤ ይህ ቃል ተራን ያስቀድማልና። ማሸጊያዋ ወይም የወጣችበት ዕቃ ቢገኝም ይዞ መሄድ ቍጥሯን ለማወቅ ይረዳል። በራጅ ላይ ሳንቲም አንድ ቀለበት ሆኖ ሲታይ፥ ባትሪ ግን ከዳርቻዋ አጠገብ ሁለተኛ ቀለበት ታሳያለች፤ ከጐን ሲያነሷትም ጠርዟ እንደ ደረጃ ይሆናል። ሐኪሙ ይህን አይቶ ከለየ በኋላ ኢንዶስኮፒ በተባለው መሣሪያ ያወጣታል፤ ይህም ከ2 ሰዓት በፊት ቢሆን እጅግ ይሻላል።

በዚህ ነገር ውስጥ ከቤታችን የሚገኝ አንድ ረድኤት አለ፤ እርሱም ማር ነው። በ2018 ዓ.ም. ላሪንጎስኮፕ በተባለው መጽሔት በታተመ ጥናት፥ የአሜሪካ ሐኪሞች በአሳማ ግልገሎች ላይ ሞክረው፥ ማር ባትሪዪቱን እየሸፈነና ጥቂት አሲድነቱ አልካሊውን እያበረደ ቃጠሎውን እንደሚቀንስ አገኙ። ስለዚህ ዕድሜው ከ1 ዓመት የበለጠና መዋጥ የሚችል ልጅ፥ ከዋጠ 12 ሰዓት ካላለፈ፥ ወደ ሐኪም ቤት በሚወሰድበት መንገድ ላይ በየ10 ደቂቃው ሁለት የሻይ ማንኪያ ማር እስከ 6 ጊዜ ድረስ ሊሰጠው ይችላል። ነገር ግን ይህ መድኀኒት አይደለም፤ ጊዜ መግዣ ብቻ ነው። ማር ፍለጋ የቆመ ሰው ማሩ ካተረፈለት የበለጠ ያጠፋል። ዕድሜው 1 ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር ፈጽሞ አይሰጥም፤ ማር ለእንዲህ ያለ ሕፃን ቦቱሊዝም የሚባለውን ጽኑ ሕመም ሊያመጣበት ይችላልና።

ባትሪ በአፍንጫ ወይም በጆሮ ውስጥ የገባች እንደ ሆነም በጥቂት ሰዓት ውስጥ ታቃጥላለች። በዚህ ጊዜ በአፍንጫም ሆነ በጆሮ ጠብታ ማንጠባጠብ አይገባም፤ እርጥበቱ የኤሌክትሪኩን መንገድ ያሰፋዋልና። ከገጠር ከተሞች የሚኖር ወላጅም አደጋው ሳይመጣ አስቀድሞ፥ ራጅና ኢንዶስኮፒ ያለው ሐኪም ቤት በየትኛው ከተማ እንደሚገኝ ጠይቆ ይወቅ። ሁለቱ ሰዓት መጠየቂያ ጊዜ አይሰጥም።

ነገር ግን ከመድኀኒት ሁሉ የሚበልጠው መከላከል ነው፤ አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። በሊቶቪትዝ ጥናት፥ ዕድሜያቸው ከ6 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ከዋጧቸው ባትሪዎች መካከል ከመቶው 62 ያህሉ ልጆቹ ራሳቸው ከዕቃው ውስጥ ያወጧቸው ናቸው፤ ከመቶው 30 ያህሉ ደግሞ ወድቀው ወይም ተቀምጠው የተገኙ ናቸው። እንግዲህ ሁለት በር አለ ማለት ነው፤ አንዱ ክዳኑ የማይጠብቅ ዕቃ፥ ሁለተኛው ከዕቃው ወጥታ የተጣለች ባትሪ።

የመጀመሪያውን በር አንዳንድ መንግሥታት በሕግ ለመዝጋት ተነሥተዋል። አውስትራሊያ ከሰኔ 22 ቀን 2022 ዓ.ም. ጀምሮ የባትሪ ቤቱ በቀላሉ የሚከፈት ዕቃ እንዳይሸጥ አዘዘች፤ በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ሕግ ስታወጣ እርስዋ የመጀመሪያዪቱ ናት። በአሜሪካም ነሐሴ 16 ቀን 2022 ዓ.ም. «የሪስ ሕግ» የተባለው ተፈረመ፤ ስሙም የተወሰደው በ2020 ዓ.ም. መጨረሻ የሪሞት ባትሪ ውጣ በ18 ወር ዕድሜዋ ከሞተች የቴክሳስ ልጅ ነው። በዚህ ሕግ የባትሪው ቤት በካቻቢቴ ወይም በሌላ መሣሪያ፥ አለዚያም በአንድነት በሚደረጉ ሁለት የእጅ ሥራዎች ካልሆነ በቀር የሚከፈት እንዳይሆን፥ ማሸጊያውም ሕፃን የማይከፍተው እንዲሆን ታዝዟል። አንዳንድ ሠሪዎችም በባትሪዪቱ ላይ እጅግ መራራ የሆነ ቅብ መቀባት ጀምረዋል፤ ይህም መልካም ነው፤ ዳሩ ግን በፍጥነት የሚውጥን ልጅ ምሬት ብቻውን አይመልሰውም።

ሆኖም ሕግ በወጣበት አገር ይቀራል፤ ዕቃ ግን በየገበያው ይዞራል። ከመርካቶ በርካሽ የሚገዛው የሚያበራ መጫወቻም ሆነ፥ ከዐረብ አገርና ከአሜሪካ ዘመድ የሚልከው ስጦታ ክዳኑ በጥፍር የሚከፈት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ገዢው ራሱ ሕግ አውጪ ይሁን። ዕቃውን ገልብጦ ይመልከት፤ ክዳኑ በብሎን ካልታሰረ ሕፃን ላለበት ቤት አይግዛ። በቤት ያለውን ደግሞ በጠንካራ ፕላስተር ጠቅልሎ ከልጅ እጅ ያርቀው። ሪሞትንና የመኪና ቁልፍን ለሚያለቅስ ልጅ ማባበያ አድርጎ መስጠት ፈጽሞ ይቅር፤ ይህ ልማድ በብዙ ቤት የሚታይ ነውና።

ሁለተኛው በር ያለቀች የምትባለው ባትሪ ናት። ሰዎች ሪሞቱ እንቢ ሲላቸው ባትሪዪቱን አውጥተው በጠረጴዛ ላይ ያስቀምጧታል፤ «ሞታለች» ብለዋልና አይፈሯትም። ነገር ግን በልጅነታችን የራዲዮው ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ አስጥተን መልሰን ጥቂት ዜና እንሰማበት እንደ ነበር እናስታውስ፤ አለቀ የተባለው ነገር ፈጽሞ ያላለቀ ስለ ነበረ ነው። ውሃን ለመከፋፈል የሚበቃው ኀይል ከ1.2 ቮልት ጥቂት የሚበልጥ ነው። 3 ቮልት የነበራት ባትሪ መሣሪያዋን ማሠራት ቢሳናትም ከዚህ የሚበልጥ ኀይል ብዙ ጊዜ ይቀርላታል፤ የሕፃንን ጕሮሮ ለማቃጠልም ያ ይበቃታል። ስለዚህ ያለቀች ባትሪ በወጣች ሰዓት በሁለቱም ገጽ በፕላስተር ተሸፍና፥ ልጅ በማይደርስበት ዕቃ ውስጥ ተዘግታ፥ ከዚያም ከቤት ትወገድ። አዲሲቱም ብትሆን ከዚህ የተለየ ስፍራ አይገባትም።

ምናልባት አንዳንድ ሰው፥ «የልጅን እጅ ሁሉ ማን ሊከታተል ይችላል? እናት ወጥ ትሠራለች፤ አባት ከሥራው ነው፤ ቤቱን ሁሉ እንደ ባንክ መዝጋት አይቻልም» ይል ይሆናል። ይህ እውነተኛ ቃል ነው። ልጅን ቀኑን ሙሉ በዓይን መጠበቅ ከሰው ኀይል በላይ ነው። እኔም የምለው ልጁን ሳይሆን ባትሪዪቱን ጠብቁ ነው። ልጅ በየደቂቃው ይንቀሳቀሳል፤ ባትሪ ግን ካስቀመጧት ስፍራ አትነቃነቅም። ዘጠኝ ባትሪ ቈጥሮ ዘጠኙን መዝጋት የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው፤ አንድ ሕፃንን ሳያርፉ መከተል ግን የዓመታት ሥራ ነው። ከሁለቱ የሚቀለውን አስቀድሞ መሥራት ጥበብ ነው።

በመጨረሻ የምለምነው ይህን ነው። ይህን ያነበበ ሰው ለራሱ ብቻ ይዞት አይቅር። ልጅ የምትጠብቀው ሠራተኛ፥ የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉ አያት፥ ሰዓት የሚያድሰው ባለሱቅ ይህን ጽሑፍ ላያገኙት ይችላሉ፤ ቃሉ ግን በአንድ አረፍተ ነገር ይነገራቸዋል፦ ሳንቲም ይጠብቃል፥ ባትሪ አይጠብቅም። ይህን የሰማ ሰው ሁለቱን ሰዓት ያተርፋል፤ ሁለቱን ሰዓት ያተረፈም ልጁን ያተርፋል።